የታራሚው ላብና የቤተሰቡ ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆኑን ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን የላከችልን የሦስት ልጆች እናት የሆነች እህታችን ናት። ባለቤቷ ከታሰረ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በማረሚያ ቤቱ ውስጥ ሽመና ተምሮ ጋቢ ይሠራል። ድርና ማጉን የሚያቀርብለት፣ ያለቀውንም ጋቢ የሚረከበው አንድ ነጋዴ ነው። ባሏ ከሚያገኛት ላይ ቆጥቦ ለልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ ይልክላታል። እህታችን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እስረኛ ሠርቶ የላከው ገንዘብ ለልጆቿ ሐላል ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ያው ጋቢ በገበያ በምን ያህል እንደሚሸጥ በዓይኗ አይታለችና፣ ለባሏ የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ ኢምንት ሆኖ ሲገኝ ይህ በደል አይደለም ወይ? ስንቅ ልታደርስ በሄደች ቁጥር ይህን ልትጠይቀው ትፈልጋለች፤ ነገር ግን ያቺም ሥራ እንዳትቀርበት ፈርታ ዝም እንደምትል ጽፋልናለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው በልብስ ስፌት ሥራ ከሚተዳደር ወንድማችን ነው። ጥቂት የስፌት መኪናዎች ማረሚያ ቤት አስገብቶ ታራሚዎችን ቀጥሮ ማሠራት ያስባል። ጉዳዩን ለመስጂድ ጓደኞቹ ሲያማክር ለሁለት ተከፈሉበት። ገሚሶቹ በታሰረ ሰው ላብ መክበር ነው ብለው ሲከለክሉት፣ ገሚሶቹ ደግሞ አጅር ያለበት ሥራ ነው ብለው አበረታቱት። እሱም ትክክሉ የቱ እንደሆነና ቢፈቀድ እንኳ በምን መስፈርት እንደሆነ ይጠይቃል።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው እህታችን የምትፈራውና ወንድማችን ሊጠነቀቀው የሚፈልገው አንድ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። በመሆኑም በዛሬው ዝግጅታችን የግል ባለሀብቶች በማረሚያ ቤት ውስጥ የሥራ ዕድል የሚፈጥሩበትን መንገድ ከሸሪዓም፣ ከሕግም፣ ከሌሎች አገሮች ልምድም አንጻር እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

እስረኛ በኢስላም ዓይን

ኢስላም እስረኛን ከሰውነት ክብሩ አያወጣውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢንሳን ደጋግ ባሮቹን ሲያወድስ፣ ምግቡን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለእስረኛ እንደሚያበሉ ጠቅሶላቸዋል። በሱረቱ ዩሱፍ ደግሞ አንድ ነብይ ያለ ጥፋቱ ወህኒ ወርዶ ለዓመታት ሲቆይ እናያለን። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በወህኒ ሳሉ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። አብረዋቸው የታሰሩትን ወደ ተውሒድ ጠሩ፣ ሕልማቸውንም ፈቱላቸው። ንጉሡም ንጽሕናቸውን ካረጋገጠ በኋላ የቀድሞውን እስረኛ በአገሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ ሾማቸው። በዚያ እስረኛ እጅ የተጠራቀመው እህል ግብጽንና አካባቢዋን ከረሃብ አተረፈ። በእርግጥ እሳቸው ነብይ ናቸው፣ ከወንጀልም ንጹሕ ነበሩ። የዛሬ ታራሚዎችን ከእሳቸው ጋር አናመሳስልም። ነገር ግን ከወህኒ የወጣ ሰው ሁሉ እምነት ሊጣልበት አይችልም የሚለውን አባባል ይህ ታሪክ ያፈርሰዋል።

ለርዕሳችን ይበልጥ የሚቀርበው የበድር ምርኮኞች ጉዳይ ነው። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በተካሄደው የበድር ዘመቻ ሰባ ያህል የቁረይሽ ሰዎች ተማረኩ። ገንዘብ ያላቸው ቤዛ ከፍለው ተለቀቁ። ገንዘብ የሌላቸው ግን ማንበብና መጻፍ የሚችሉት እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምሩና ቤዛቸው እሱ እንዲሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መወሰናቸው ተዘግቧል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሥራው የታወቀ ነው፤ ጽሕፈት ማስተማር ነው። መጠኑ የታወቀ ነው፤ አሥር ልጅ ነው። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ ነጻነት ነው። እስረኛው በሙያው ሠርቶ ነጻነቱን አገኘ፣ ከተማውም ማንበብ የሚችሉ ልጆች አገኘ። ማንም በማንም ላይ አልከበረም።

በኋላም ዘመን ዑለማዎች ስለ እስረኞች አያያዝ ዝም አላሉም። የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ደረሳ የሆኑትና በ182 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ቃዲው አቡ ዩሱፍ፣ ለኸሊፋው ለሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ለእስረኞች ከበይተል ማል ወርኃዊ መተዳደሪያ እንዲቆረጥላቸው፣ የክረምትና የበጋ ልብስም እንዲሰጣቸው መክረዋል። በሰንሰለት ታስረው ወደ ጎዳና እየወጡ ሰው እንዲለምኑ መደረጋቸውንም አጥብቀው ነቅፈዋል። ሰውየው ለጥፋቱ ይታሰራል እንጂ እንዲራብ ወይም እንዲዋረድ አልተፈረደበትም ማለታቸው ነው።

የሠራተኛ ክፍያን በተመለከተ ደግሞ የሸሪዓው አቋም ግልጽ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ክፍያው እንዲሰጠው አዘዋል። አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከተረከበ በኋላ ክፍያውን ያልሰጠው መሆኑንም በሐዲሰል ቁድስ አሳውቀውናል። በዚህ ሐዲስ ውስጥ ነጻ ሰው ብቻ ነው የሚል ቃል የለም። የታሰረው ሠራተኛ ምስክርና አቤት ባይ ስለሌለው ተሟጋቹ አላህ ሆኖ መገኘቱ ለቀጣሪው ይበልጥ ሊያስፈራው ይገባል።

ልቅ የተተወ ሥራ ምን እንዳስከተለ

ወንድማችንን የከለከሉት ሰዎች ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ ታራሚን ለግል ባለሀብት አሳልፎ መስጠት ያስከተለው ጥፋት በታሪክ ተመዝግቧል። በጉዳዩ ላይ ብዙ ልምድ ያላት አሜሪካ ስለሆነች ከእሷ እንጀምር።

በአሜሪካ ባርነት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1865 በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ነገር ግን አንቀጹ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ቀርታ ነበር፤ በወንጀል ለተፈረደበት ሰው የግዳጅ ሥራ ቅጣት ሊሆን እንደሚችል ተፈቀደ። የደቡብ ክፍላተ ግዛት በዚህች ቀዳዳ ገቡ። ሥራ አጥ ሆኖ መንከራተትን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮችን ወንጀል አድርገው፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ ሰዎችን እያሰሩ ለማዕድን ማውጫዎች፣ ለእርሻዎችና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተቋራጮች ያከራዩ ጀመር። ኪራዩን የሚቀበለው መንግሥት ነበር። ለታራሚው አንዳች አይደርሰውም ነበር። ባሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ሲል ባሪያውን ይጠብቀው ይሆናል፤ የተከራየ ሰው ግን የሞተውን በሌላ ስለሚተካ ያም አላሳሰበውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1911 በአላባማ በባነር የድንጋይ ከሰል ማውጫ በደረሰ ፍንዳታ 128 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተከራዩ ታራሚዎች ነበሩ። አላባማ ይህን አሠራር ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን ከሁሉም የመጨረሻዋ ነበረች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በነጻ ወይም በሳንቲም የሚሠራ እስረኛ ያመረተው ዕቃ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ደሞዝ ከፍሎ የሚያሠራው ፋብሪካ ሊወዳደረው አልቻለም። ሠራተኞችም ከሥራ ተፈናቀሉ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1935 የወጡ ሕጎች በማረሚያ ቤት የተመረተ ዕቃ በክፍላተ ግዛት መካከል እንዳይሸጥ ገደቡ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ፋብሪካም ምርቱን የሚሸጠው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሆነ። ውጤቱ ምን ሆነ? በደሉ ቀነሰ፤ ሥራውም አብሮ ቀነሰ። በብዙ ማረሚያ ቤቶች ታራሚው ጊዜውን በከንቱ እያሳለፈ ያለ ሙያ ገብቶ ያለ ሙያ መውጣት ጀመረ።

መስፈርት የተቀመጠለት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ምክር ቤት መካከለኛ መንገድ ፈለገ። የግል ኩባንያዎች በማረሚያ ቤት ውስጥ አምርተው በማንኛውም ገበያ እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ነገር ግን ፈቃዱን በመስፈርቶች አጠረው። መጀመሪያ ለሰባት ፕሮጀክቶች ብቻ የተፈቀደ ሙከራ ነበር። በ1984 ወደ 20፣ በ1990 ደግሞ ወደ 50 ከፍ ተደረገ። ዋና ዋናዎቹን መስፈርቶች እንመልከት።

አንደኛ፣ ታራሚው በፈቃዱ እንጂ በግዳጅ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ የሚከፈለው በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ለነጻ ሠራተኛ ከሚከፈለው ማነስ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲጀመር በውጭ ያለ ሠራተኛ መፈናቀል የለበትም። ለዚህም የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢው አምራቾች አስቀድመው ይጠየቃሉ።

አራተኛ፣ በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስበት እንደማንኛውም ሠራተኛ ካሣ ያገኛል።

አምስተኛ፣ ከደሞዙ ላይ ተቀናሽ የሚደረገው በአራት ምክንያት ብቻ ነው፤ ለግብር፣ ለምግብና ለመኝታ ወጪ፣ ለቤተሰቡ ቀለብ፣ እንዲሁም በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ካሣ። ለተጎጂዎች የሚቀነሰው ከ5 በመቶ አያንስም፣ ከ20 በመቶም አይበልጥም። ተቀናሹ በጠቅላላ ከ80 በመቶ ማለፍ አይችልም።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ታራሚ 1,000 ብር አገኘ እንበል። በዚህ ስሌት መሠረት ቢያንስ 50፣ ቢበዛ 200 ብሩ ለተጎጂዎች ይሄዳል። ከግብር፣ ከቀለብና ከማረሚያ ቤቱ ወጪ ጋር ተደምሮ ተቀናሹ 800 ብር ላይ ይቆማል። ቢያንስ 200 ብር የእሱ ናት። በወር 200 ብር ስታስቀምጥ የከረመች ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ስትወጣ 12,000 ብር ይዛ ትወጣለች። የታክሲ መሳፈሪያ ሳይኖረው ከበር ላይ ከሚለቀቅ ሰው ጋር ስታነጻጽሯት ልዩነቱ ይገባችኋል።

ዓለም አቀፍ ሕጎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውና ኢትዮጵያ በ2003 ያጸደቀችው የግዳጅ ሥራን የሚከለክለው 29ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት፣ በፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሊሠራ እንደሚችል ቢቀበልም፣ ለግል ሰው ወይም ለኩባንያ ተላልፎ እንዳይሰጥ ያዛል። ስለሆነም የግል ባለሀብት ሊያሠራው የሚችለው ታራሚው በእውነት ፈቅዶ፣ ክፍያውና ሁኔታው ከነጻ ሠራተኛ ጋር ሲቀራረብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቁት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ፣ የታራሚው ጥቅምና የሙያ ሥልጠናው ለትርፍ ሲባል ወደ ኋላ እንዳይደረግ፣ ከገቢውም ከፊሉን ለራሱ እንዲያወጣ፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ ከፊሉም ተቀምጦ ሲፈታ እንዲሰጠው ይላሉ።

አድማጮቻችን ሆይ! የፊቅህ መጻሕፍትን የምታውቁ ሰዎች ይህን ስትሰሙ እንግዳ አይሆንባችሁም። በኢጃራ ማለትም በቅጥር ውል ዑለማዎች የሚጠይቁት የሁለቱን ወገኖች ፈቃደኝነት፣ የሥራውን መታወቅና የክፍያውን መታወቅ ነው። ነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) ሕዝባቸውን ያስጠነቀቁት ደግሞ የሰዎችን ነገር አታራክሱ በማለት ነበር። የተቸገረ ሰው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ብቻ ንብረቱን ወይም ጉልበቱን በርካሽ መውሰድ፣ ሰውየው እሺ ቢልም እንኳ፣ ዑለማዎች የሚነቅፉት ተግባር ነው። ነቢዩላህ ዩሱፍም ከወህኒ በፊት በርካሽ ዋጋ የተሸጡ ሰው እንደነበሩ አንርሳ።

የተበደለውስ ሰው?

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሣል። ልጁ የተገደለበት ወይም ንብረቱ የተዘረፈበት ሰው አለ። እሱ ሥራ አጥቶ በየደጁ ሲንከራተት የበደለው ሰው ሥራና ደሞዝ ሲያገኝ ፍትሕ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ መልሳችን ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ተውባው የሚሟላው ሐቁን ሲመልስ ነው። መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ከአላህ ጋር ነው፤ የሰው ገንዘብ ግን መመለስ አለበት ወይም ባለቤቱ ይቅር ማለት አለበት። ሥራ የፈታ እስረኛ በምን ይመልሳል? ተጎጂው የቂያማን ቀን ይጠብቅ ማለት ካልሆነ በስተቀር መንገዱ አንድ ነው፤ ሠርቶ ካሣ መክፈል ነው። ስለዚህ ከደሞዙ ላይ ለተጎጂ የሚቀነሰው ክፍያ የተጎጂው መብት ብቻ ሳይሆን የታራሚው የተውባ በርም ነው።

በአገራችንም ሕግ ይህ ጉዳይ ቦታ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202፣ የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ የሚችልበትን ሁኔታ ሲደነግግ፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየቱን፣ ያደረሰውንም ጉዳት በአቅሙ መጠን መካሱን ይመለከታል። እንግዲህ ሥራም ካሣም ወደ ቤት የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። ሥራ የሌለበት ማረሚያ ቤት ይህን መንገድ በከፊል ይዘጋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሚስትና ልጆች ጥፋተኞች አይደሉም። የቤተሰብ ቀለብ በባል ላይ ግዴታ ነው፤ አባትየው ሲታሰር ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ሚስት ሠርታ ልጆቿን ከማሳደጓ ባሻገር ስንቅ እያዘጋጀች በአውቶቡስ ታመላልሳለች። ፍርዱ የተሰጠው በአንድ ሰው ላይ ቢሆንም ቅጣቱን የሚከፍለው ቤቱ በሙሉ ይሆናል። ታራሚው አግባብ ያለው ክፍያ ሲያገኝ ይህ ሸክም ይቃለላል፣ ልጆቹም አባታችን ይልክልናል ብለው አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

በውጭ ያለው ሥራ ፈላጊስ? እሱን የሚጎዳው ታራሚው መሥራቱ ሳይሆን በርካሽ መሥራቱ ነው። ክፍያው እኩል ከሆነ ነጋዴ የውጩን ሠራተኛ ትቶ ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ የታራሚውን ክፍያ ማስከበር የውጩን ሠራተኛ መጠበቅም ጭምር ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ደርሰናል። የአሜሪካው ፕሮግራም ከ1979 ጀምሮ ቢኖርም፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እስረኛ ባለበት አገር የደረሰው ለጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ነው። ሌሎቹ ታራሚዎች የሚሠሩት እጅግ በአነስተኛ ክፍያ ነው። በፌዴራሉ ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት በሰዓት ከ23 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ሲከፈል ቆይቷል፤ በአንዳንድ ክፍላተ ግዛትም ለአብዛኛው ሥራ ምንም አይከፈልም። ጥሩ የተባለው ፕሮግራም ያልተስፋፋው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ማረሚያ ቤት ለአምራች ውድ ቦታ መሆኑ ነው። ዕቃ የጫነ መኪና በሩ ላይ ይፈተሻል። ቆጠራ ሲደረግ ሥራው ይቆማል። ጸጥታ ሲደፈርስ ግቢው ይዘጋል፣ ትእዛዝም ይዘገያል። ሠራተኛው ሙያውን ሲለምድ ይፈታል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። መጋዘንና የመሥሪያ አዳራሽ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ መጀመር አይቻልም። ታዲያ ሙሉ ደሞዝ ክፈል የተባለ ነጋዴ ይህን ሁሉ ወጪ ከየት ያመጣዋል? ሰነፉ መንገድ ከታራሚው ደሞዝ ላይ መቀነስ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ባነር ማዕድን የሚመልስ መንገድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ወጪውን ከታራሚው ትከሻ አንሥቶ ለሚችሉት ማከፋፈል ነው።

አንደኛው ተካፋይ መንግሥት ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ታራሚ ለሚቀጥሩ ኩባንያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ቅናሽ ሰጥታለች። ቅናሹ ታራሚው ከተፈታ በኋላም ለተወሰኑ ወራት ስለሚቀጥል ቀጣሪው በተፈታ ማግስት እንዲያባርረው አይገፋፋውም። በፓዱዋ ከተማ ማረሚያ ቤት ውስጥ ታራሚዎች የሚጋግሩት ኬክ በአገሪቱ ዝና ያተረፈ ሆኗል። ደንበኛው የሚገዛው አዝኖላቸው ሳይሆን ኬኩ ጥሩ ስለሆነ ነው። በእኛም አገር መንግሥት አዳራሽ፣ መብራትና ውሃ ቢያቀርብ፣ ግብርም ቢያቃልል፣ ወጪው በታሰረው ሰው ላይ ከመውደቅ ይድናል።

ሁለተኛው ተካፋይ ነጋዴው ሲሆን፣ ካፒታሉን ከወለድ ውጭ የሚያገኝባቸው የሸሪዓ መንገዶች አሉ። አንዱ ኢስቲስናዕ ነው፤ ይኸውም ገዢው ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ዓይነቱን፣ መጠኑንና ዋጋውን ወስኖ የሚያዝበት ውል ነው። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት 300 የተማሪ ልብስ አስቀድሞ አዝዞ ከፊሉን ቢከፍል፣ በዚያ ገንዘብ ጨርቁ ይገዛል። ሌላው ሙዳረባ ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሙያ አምጥቶ ትርፉን በስምምነት የሚካፈሉበት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች በአገራችን መከፈታቸው እንዲህ ያለውን ውል ከቀድሞው ይልቅ ቀላል አድርጎታል።

ሦስተኛው ተካፋይ እኛው ነን። ዘካን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙኃኑ ዑለማዎች ዘካ ለሕንጻ ግንባታና ለመሳሪያ ግዥ በጥቅል እንዲውል አይፈቅዱም፤ ለባለ መብቶቹ እጅ መድረስ አለበት ይላሉ። ነገር ግን የታራሚው ቤተሰብ ድሃ ከሆነ በድህነቱ ዘካ ይገባዋል። መክፈል ባለመቻሉ በዕዳ የተያዘ ሰውም ከስምንቱ የዘካ ክፍሎች አንዱ በሆነው በባለ ዕዳዎች ክፍል ሊረዳ ይችላል። ለስፌት መኪና፣ ለሸማኔ ዕቃና ለአዳራሽ ግን ሰደቃና ወቅፍ አለ። አንድ የስፌት መኪና ለማረሚያ ቤት ወቅፍ ያደረገ ሰው፣ በመኪናዋ ላይ ሙያ የተማረ ሁሉ ሐላል በበላ ቁጥር አጅሩ እንደሚደርሰው ተስፋ ያደርጋል።

የደብዳቤዎቹ መልስ

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ደብዳቤዎች እንመለስ።

እህታችን ሆይ! ባልሽ በእጁ ሠርቶ የላከልሽ ገንዘብ ሐላል ነው። ሰው ከበላው ምግብ ሁሉ በላጩ በእጁ ሥራ ያገኘው መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር አስታውሰዋል። ልጆችሽን ያለ ሐፍረት አብያቸው። ነጋዴውን በተመለከተ፣ ድርና ማግ፣ መጓጓዣና የራሱ ትርፍ ስላለው በገበያ ዋጋና በባልሽ ድርሻ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በደል ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ባልሽ ለአንድ ጋቢ ስንት እንደሚከፈለው አስቀድሞ የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ያንኑ ጋቢ በውጭ ለሚሠራ ሸማኔ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ከሆነ፣ ይህ በደል ነው። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ብቻሽን ከመፍራት ከሌሎች የታራሚ ቤተሰቦች ጋር ሆናችሁ ዋጋው በጽሑፍ እንዲታወቅ ማረሚያ ቤቱን በአክብሮት ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ታራሚዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው፣ ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከዘመዶቻቸውና ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው ጋርም የመገናኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እኛም ኢማሞች ለዳዕዋና ለሶላት ማረሚያ ቤት ስንገባ ስለ ሰጋጆቹ ክፍያ መጠየቅ ከአደራችን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ትዕግሥት አስተምረን ወጥተናል፤ ስለ ሐቃቸው ግን እምብዛም አልጠየቅንም። በዚህ እኔም ራሴን እወቅሳለሁ።

ወንድማችን ሆይ! ያሰብከው ሥራ የተፈቀደ ነው፣ ኒያህ ከተስተካከለም አጅር አለበት። መስፈርቱ ግን ይህ ነው። ከፈቀደው በቀር ማንንም አታሠራ። ለውጭ ሠራተኛህ የምትከፍለውን ያህል ክፈለው። ውሉን በጽሑፍ አድርገው፣ ታራሚውም አንብቦ ወይም ተነቦለት ይፈርም። ክፍያው በማን እጅ እንደሚያልፍና ምን እንደሚቀነስበት በደረሰኝ ይወቅ። ለጁሙዓና ለሶላት ጊዜ ስጥ፤ ሙስሊም ያልሆነውም የራሱን ዕረፍት ያግኝ፤ ፍትሕ ለሙስሊም ብቻ የሚሰጥ አይደለምና። ትርፍህንም ከጨርቁ፣ ከመኪናውና ከንግድህ ላይ ፈልገው እንጂ ሰውየው መታሰሩን የትርፍህ ምንጭ አታድርገው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ቃል ግባ። ከእነዚያ መኪናዎች ላይ የሠለጠነ ሰው ሲፈታ የሱቅህን በር አትዝጋበት። አምስት ዓመት በግቢው ውስጥ ለደንበኛህ ልብስ ሲሰፋ እጁን አምነኸው፣ ሲፈታ ግን እስረኛ ነበር ብለህ ብትመልሰው ሥልጠናው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለእናንተም አድማጮቻችን ይኸው ነው። የጎረቤታችሁ ልጅ ፍርዱን ጨርሶ ሲመጣ ሰላምታ ሰጥቶ መሸሽ ሳይሆን፣ ምን ሙያ ተማርክ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የዚያን ቀን የሚያገኘው መልስ ወደ መስጂድ ወይም ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ ሊመራው ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታሰሩት ሐላል የሆነ መውጫን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብርን፣ ለተበደሉት ካሣን፣ ለቀጣሪዎችም ፍትሕን ይወፍቃቸው። የሠራተኛን ሐቅ ከሚበሉት አያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።